አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው የሰሙት ሙዚቃ

ማክሰኞ

በጥር ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ አፍንጫውን ከጋቢው የሚያወጣ ሰው ወይ መንገደኛ ነው፣ ወይ ራሱን የሚጠላ። እኔና አባቴ መንገደኞች ነበርን፤ እናቴ ግን ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆማ «ሁለቱም ናችሁ» ትለን ነበር። የጨርጨርን ተራሮች ሄዳችሁ ለማታዩ ያገሬ ሰዎች ይህን የጥቂት ቀን መንገድ የምጽፈው ከሁሉ አስቀድሜ ያሳደሩንንና ያበሉንን ለማመስገን ነው። መልካቸውን እንጂ አድራሻቸውን ስላልያዝኩ በሌላ መንገድ ላመሰግናቸው አልችልም።

አባቴ አቶ ወልዴ በከተማችን የናፍታ ወፍጮ አላቸው። እኔ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰይፉ ደግሞ ወፍጮ ቤቱን ትቶ አዲስ አበባ ከገባ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ትዊስት ከሚጫወት ባንድ ጋር ከተቀላቀለ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ለአባቴ ነገሩ አጭር ነው፤ «ልጄ አዝማሪ ሆነ።» በዚያ ዘመን በጨዋ ቤት ይህን ከመስማት ልጅ ታመመ ሲባል መስማት ይቀል ነበር። በቁጣቸው ቅዱስ ሚካኤልን ጠርተው «ይህን ክራር እስኪጥል ድረስ ፊቱን አላይም!» ብለው ማሉ። ክራር ሳይሆን ጊታር ነው ብንላቸው አልሰሙም፤ ለእሳቸው ክር ያለው ሁሉ ክራር ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነበር። እኔም በበኩሌ ወንድሜ ካልቆመልኝ ሠርጉ ይቅር አልኩ። እልኼን ከማን እንደወረስኩት ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባንዱ ሐረርጌ ወርዶ አሰበ ተፈሪና አካባቢዋ ባሉ ከተሞች እንደሚጫወት ስንሰማ፣ ሴት ልጅ ያን ያህል መንገድ ለብቻዋ አትሄድምና አባቴ ሊያደርሱኝ ተነሡ። «አደርስሻለሁ። አንቺ ትነግሪዋለሽ። እኔ ግን ፊቱን አላይም» አሉ።

«ታዲያ የሠርጉ ዕለትስ?» አልኳቸው።

«እስከዚያ ክራሩን ይጥላል» አሉና መስኮቱን ዘጉት። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት እንዲህ ነው፤ ልጃቸው ካለበት አገር ድረስ ሊሄዱ፣ ልጃቸውን ግን ላያዩ። ማታ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርን።

ረቡዕ

ከለገሃር በባቡር ወረድን። አባቴ በርኖስ፣ ጋቢና ኮት ደርበው ነበር የተሳፈሩት። ናዝሬት ላይ በርኖሱ ወለቀ፣ ከመተሐራ ወዲህ ጋቢው፣ አዋሽ ላይ ኮቱ። «ሌላ ጣቢያ ካለ እንግዲህ እግዜር ይሁነኝ» ሲሉ አብረውን የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። መስኮቱ ሲከፈት የሚገባው ነፋስ እኛ አገር ከምድጃ ፊት የሚገኘው ዓይነት ነው።

ሚኤሶ ስንደርስ ጉድ ሆንን። እናቴ ለሰይፉ ያዘጋጀችውን አንድ ስልቻ በሶ ባቡሩ ላይ ረስተነው ወረድን። ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ ደግ መንገደኛ «ዕቃችሁን!» ብሎ በመስኮት ወረወረልን። ስልቻው ድንጋይ ላይ አርፎ ተቀደደ፤ ከየት እንደመጡ ያላየናቸው ፍየሎችም የደብረ ብርሃንን ገብስ በደቂቃ ውስጥ ቀምሰው ጨረሱት። አባቴ ፍየሎቹን ትንሽ ተመለከቱና «እነሱስ እንግዳ አይደሉ፣ ይብሉ» አሉ። በእርግጥ እንግዶቹ እኛ ነበርን።

ያሳደረችን ሴትዮ የጠፍር አልጋዎቿን ግቢ ውስጥ ዘረጋችልን። ሚኤሶ ላይ ሰው ቤት ውስጥ አይተኛም፣ ቤት ውስጥ ዕቃ ነው የሚያድር። እኛ በሁለት ባና የምንተኛ ሰዎች አንዲት ስስ ነጠላ ለብሰን አደርን። ከግመል ወተት ጀምሮ እስከ ማሽላው ቂጣ ያቀረበችልንን ሁሉ አባቴ በጥርጣሬ ዓይን አዩት፤ ረቡዕ ነበርና ወተቱን ተዉት፣ ቂጣውን ግን ሁለት ጊዜ አስደገሙ።

ሐሙስ

ጨውና ስኳር የጫነ የጭነት መኪና ወደ አሰበ ተፈሪ ወሰደን። ሾፌሩ አባቴን ከላይ አላስቀምጥም ብሎ ሦስታችንም ከፊት ተጣበብን። መንገዱ እየወጣ ሲሄድ ሙቀቱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ተራራው አረንጓዴ ሆነ፤ የጫት መደዳ እንደ ተማሪ ሰልፍ በየቁልቁለቱ ተሰልፎ ቆመ። አባቴ አንድ ባንድ የወለቀውን ልብስ መልሰው ለበሱ። አሰበ ተፈሪ ስንደርስ ጋቢያቸው ላይ ደርሰው ነበርና «ይህስ አገር ነው» አሉ።

ከመኪናው ወርደን ማንን እንጠይቅ እያልን ስንቆም የወፍጮ ሞተር ድምፅ ተሰማ። አባቴ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ቺንጋው ላልቷል። ድንጋዩም ከተወቀረ ቆይቷል» አሉና (ቺንጋ የሚሉት ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞርበትን ቀበቶ ነው) ድምፁን ተከትለው ሄዱ። ወንድሜን ፍለጋ መጥተን ወፍጮ ቤት ገባን።

ባለወፍጮው ሐጂ ዩሱፍ ጢማቸው ከዱቄቱ ይሁን ከዕድሜያቸው የነጣ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። አባቴ ስለ ድንጋዩ የነገሯቸውን ሲሰሙ እጃቸውን በእጃቸው መቱ። «ወላሂ እውነትህን ነው! የሚወቅርልኝ ሰውዬ ድሬዳዋ ሄዶ ቀረ። አንተ ወፍጮ ታውቃለህ እንዴ?» በሌላ ቀን «አንተ» ያላቸውን ሰው አባቴ በዓይናቸው ያደርቁት ነበር። ያን ዕለት ግን ኮታቸውን አውልቀው መዶሻ ጠየቁ። ድንጋዩን ገልብጠው እስኪመሽ ድረስ ወቀሩት። ሐጂም ከዚያ በኋላ ወደ ማደሪያ ቤት እንሂድ ብንላቸው እንዴት ይስሙን።

የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ መይሙና ያደረጉትን በተለይ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ እንደማይበላ ስለሚያውቁ አንድ ዶሮ ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ሰጡ፤ የጎረቤታቸው ባል አረደ፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ሠራች፣ ከዚያ ወጡ በአጥር በኩል ተሻግሮ መይሙና ቤት ለእኛ ቀረበ። ለሁለት እንግዳ አንድ ሰፈር ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። እኛ አገር እንግዳ ይከበራል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው እንግዳ መጥቶብን አያውቅምና እንችልበት እንደሁ አላውቅም።

ስለ ባንዱ ስጠይቅ ሐጂ «እነዚያ ልጆች? ሂርና ወጡ። ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ እዚህ ይጫወታሉ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ።

ዓርብ

ቅዳሜን መጠበቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የአባቴ አይደለም። ጠዋት ለሂርና መኪና አገኘንና ወጣን። መንገዱ ይዞራል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይዞራል። አንዲት ጣሪያዋ ላይ ዕቃ የቆለለች ትንሽ መኪና ከፊታችን መጥታ በአቧራ ሸፍናን አለፈች። «ምን ያክለፈልፈዋል!» ብዬ ሾፌሯን ሰደብኩት።

ሂርና ላይ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት እትዬ ዘሃራ የምትባል ሴት ተቀበለችን። አባቴ በመንገድ ብዛት ቀኑ ጠፍቶባቸዋል። እሷ የቀዳችላቸውን ትኩስ መጠጥ ሻይ መስሏቸው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ቆይ! ይሄ ሆጃ ነው። የቡና ቅጠል በወተት የፈላ።»

«ታዲያ ብጠጣውስ?» አሉ አባቴ።

«ዛሬ ጁምዓ ነው። እናንተ ዓርብ አትጾሙም እንዴ?»

አባቴ ሲኒውን አስቀምጠው አማተቡ። ጾማቸውን ያስጠበቀቻቸው እስላም ሴት መሆኗ ሲገባቸው ሳቃቸው መጣ፤ ከደብረ ብርሃን ከወጣን ወዲህ ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እሷም ወተት የሌለበትን፣ ቁጢ የሚሉትን አፍልታ ሰጠቻቸው።

ስለ ባንዱ ስጠይቃት «ወይኔ! ከበሮ የጫነች መኪና መንገድ ላይ አላገኛችሁም?» አለች። አቧራዋን ሁሉ በልተናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው። የባንዱ ጄኔሬተር ማታ ሲጫወቱ ጨሶ ተቃጥሏል፤ መብራት የሚያበድራቸው ፍለጋ ጠዋት ወደ አሰበ ተፈሪ ተመልሰዋል። «ያ ቀጭኑ ልጅ ግን» አለች ዘሃራ፣ «ጊታሩን እንደ ጨቅላ የሚያቅፈው፣ እዚህች ቦታ ተቀምጦ አጫውቶኛል። ያደግኩት ወፍጮ ቤት ነው አለኝ። አንድ ቀን አባቴ ቢሰማኝ አለ። ቢያየኝ አላለም፤ ቢሰማኝ ነው ያለው።»

አባቴ ተራራውን የሚያዩ መስለው ነበር። ቁጢው እጃቸው ላይ በረደ።

ያን ቀን የመመለሻ መኪና ስላጣን ዘሃራ አሳደረችን። ጠዋት ስንሄድ ሁለት ረጃጅም ሸንኮራ አሸከመችኝ።

ቅዳሜ

ከመኪናው ስንወርድ የሐጂ ግቢ ሰው በሰው ሆኖ ጠበቀን። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የሐጂ ሞተር ከወፍጮው ሌላ ለመስጊዱና ለሱቁ መብራት የምትሰጥ ዲናሞ ያዞራል፤ ባንዱም መብራት ሲለምን ሰው ሁሉ ወደ ሐጂ ላከው። ከወፍጮው ላይ ቺንጋው ወልቆ፣ ሞተሩ ለዲናሞዋ ብቻ ሊሠራ፣ ጨዋታውም በጠራራ ፀሐይ ወፍጮ ቤት ግቢ ውስጥ ሊሆን ነው።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ቀና ሳይሉ ወደ ሞተሩ ክፍል ገቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

ሰይፉ በጥቁር ሱፉና በሹል ጫማው ዱቄት ላይ ቆሞ ሽቦ ሲፈታ አገኘሁት። ተቃቅፈን አለቀስን። ስለ ሠርጌ ነገርኩት፤ አባባ ከግድግዳው ኋላ እንዳሉም ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እንድጥለው ነው የመጡት?»

«መሐላቸው እንደዚያ ነው።»

«እኅቴ፣ ለሠርግሽ እጄን ቁረጥ ብትዪኝ እሺ እላለሁ። ይህን ጥዬ ግን ምኔ ይመጣል? የሚመጣው የእኔ ልብስ ብቻ ነው።»

እልኹ የቤታችን ነው።

ሰዎቹ በየጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። ባንዱ ክር ይቃኝ፣ ከበሮ ይሞክር፣ ማይክሮፎን ያስተካክል ጀመር። ገበያተኛው በጸጥታ፣ በጨዋነት፣ ከልቡ አዳመጠ። ቅኝቱ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ጋላቶማ! ጋላቶማ!» ብለው ምስጋናቸውን አቀረቡ፤ ሕዝቡ አጨበጨበና ጆንያውን ተሸክሞ መውጣት ጀመረ። ዘፋኙ በሩ ድረስ ሮጦ «ገና እኮ አልጀመርንም!» ብሎ ለመናቸው። ሽማግሌው በአክብሮት ዓይን አዩት፤ «ከዚህም ሌላ አላችሁ?» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ተጀመረ። ለማያዩት እንዴት እንደምነግር ግራ ይገባኛል። እኛ ዘንድ ሙዚቃ የሚገባው በጆሮ ነው፤ ይህኛው በእግር፣ ከመሬቱ ነው የሚገባው። የመጀመሪያው ምት ሲወርድ ከጣሪያው ላይ የዓመት ዱቄት ረገፈብን። ከበሮው ይመታል፣ ወፍራሙ ጊታር ከሆድ ይጎትታል፣ ዘፋኙ እህል በእግሩ እንደሚያሽ ሰው ወገቡን እያዞረ ይወርዳል፣ ይነሣል። አስተማሪዎችና ሾፌሮች ትዊስት ያዙ። ጫት አሳሪ ወጣቶች ትዊስቱን ለአፍታ አይተው ዱላቸውን ከፍ አደረጉና በራሳቸው ጭፈራ፣ በራሳቸው ዝላይ ገቡበት። ምቱ ሁለቱንም ቻለ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች እልል አሉ። እኔ አስተማሪዋ፣ ሙሽራዋ፣ ጫማዬን አውልቄ ስዘል ራሴን አገኘሁት፤ አላፈርኩም፣ እስከ ዛሬም አላፍርም።

ሁለተኛው ዘፈን እንዳለቀ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ዘፋኙ እጁን አነሣ፣ ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ። ሐጂ ወደ ሞተሩ ክፍል ገቡና «አቶ ወልዴ፣ ወንድሜ» አሉ፣ «ሰግጄ እስክመለስ ሞተሩን ያዝልኝ። የሞተሩ ሰው ገበያ ሄዷል። አደራ!» ብለው ሄዱ። አባቴ እምቢ ለማለት አፋቸውን ሳይከፍቱ አደራው ወደቀባቸው። የአንድ ባለወፍጮን አደራ ሌላ ባለወፍጮ አይበላም።

አዛኑ አልቆ ሦስተኛው ዘፈን ሲጀመር እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁ ነበር። የልጃቸው ሙዚቃ በሙሉ በአባቴ ቀኝ እጅ ሥር ነበር። አንዴ እጃቸው ማጥፊያው ላይ አረፈ። ከዚያ የሞተሩ ውሃ መፍላት ጀመረ፤ ሞተሩ ደከመ፤ ውጪ የሰይፉ ጊታር እንደሚያንቀላፋ ሰው ድምፁ ሰለለ። ሕዝቡ «ኦ!» አለ። ማጥፋት እንኳ አላስፈለጋቸውም ነበር፤ ዝም ብለው ቢቀመጡ ይበቃል።

«ጥሩወርቅ! ውሃ! ምን ትገተሪያለሽ!» ብለው ጮኹ።

ሮጥኩ። ሴቶቹ ቅላቸውንና እንስራቸውን እየተቀባበሉ አቀበሉኝ። አባቴ ውሃውን ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው በርሜል ላይ ቀስ እያሉ ሲያፈሱ፣ በሌላው እጃቸው ናፍታውን ሲያስተካክሉ፣ ሞተሩ ተነፈሰና መልሶ በረታ። ጊታሩም ነቃ። ሰይፉ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ደርሶ ነበር፤ ቱክ ቱ-ቱክ፣ ቱክ ቱ-ቱክ እያለ፣ ሦስተኛዋን ትንሽ እያዘገየ። ደንግጬ አባቴን አየኋቸው። ያ ምት የእኛ ቤት ሞተር ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በግድግዳ በኩል ያስተኛን፣ ሦስተኛዋን ምንጊዜም የሚያዘገየው፣ አባቴ በሃያ ዓመት ያላቃኑት የደብረ ብርሃን ሞተር። እሳቸውም ሰሙት። ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ ከሞተሩ አልተለዩም። ሐጂ ሰግደው ሲመለሱ እንኳ «ተወኝ፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብለው መለሷቸው።

ሕዝቡ ሲበተን ሰይፉ ወደ እኔ መጣና ነጠላዬን ለመነኝ። ፊቱን እስከ ደረቱ ሸፈነና እየተደናበረ ወደ ሞተሩ ክፍል ገባ። ከአባቴ ፊት ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ፊቴን አያዩትም አባባ። መሐላዎ አይፈርስም። ለማመስገን ነው የመጣሁት።»

አባቴ ጠየቁት። «ክራሩን ጥለኸዋል?»

«አልጣልኩም። ጀርባዬ ላይ ነው። ልዋሽዎ አልችልም።»

ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር የሁለታቸው ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። አባቴ ናፍታ የነካውን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ጣት በጣት ጠረጉት። ከዚያ የነጠላውን ጫፍ ያዙና ከልጃቸው ፊት ላይ አነሡት።

«ለካስ ሞተሬን ሰርቀህ ነው የሄድከው» አሉ። እኔ ሁለቱንም ትቼ ወጣሁ፤ ግቢው ውስጥ ወይዘሮ መይሙና አገኙኝና ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ አቀፉኝ።

እሑድ

ሐጂና መይሙና እስከ መኪናው ሸኙን። ሰይፉ ከባንዱ ጋር ወደ ድሬዳዋ ቀጠለ፤ ለሠርጌ ግን ከነጊታሩ መጥቶ ቆመልኝ። ሚኤሶ ላይ አባቴ ልብሳቸውን ሲያወልቁ፣ አዋሽን አልፈን ሲለብሱ፣ እንደ መምጫችን ቀልድ አልነበረም። አንድ ነገር ይከብዳቸው እንደነበር አውቃለሁ። በሚካኤል ስም የማሉትን አፍርሰዋል፤ ይህ በእኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

ደብረ ብርሃን በገባን ማግስት፣ በዚያ ብርድ፣ የንስሐ አባታቸው ቤት ሄዱ። ደጅ ሆኜ ስለጠበቅኋቸው ሁሉንም ሰምቻለሁ። ወፍጮ ቤቱን፣ አደራውን፣ ነጠላውን፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ቄሱ የአርባ ቀን ስግደት አዘዙና «ተጸጽተዋል?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ «በማየቴ አልተጸጸትኩም አባ» አሉ። «የተጸጸትኩት በመማሌ ነው። አርባውን ቀን ለሱ ይጻፉልኝ።»